ሦስት ቀይ ነጥብ ያለባቸው ካሴቶች

በቆላ ሙቀት የከረመ ካሴት ምን ምን እንደሚል የሚያውቅ ሰው ዛሬ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ባለፈው ወር አልጋዬ ስር የነበረውን የማንጎ ካርቶን ጎትቼ ስከፍተው ያ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ የሞቀ ፕላስቲክ፣ የቴፕ ጭንቅላት የሚጠረግበት አልኮል፣ ከስሩ ደግሞ ካርቶኑ እስካሁን ያልለቀቀው የማንጎ ሙጫ። ገና አርባ ያልሞላው ሰው «በእኛ ጊዜ» ብሎ ሲጀምር እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ግን ካሴት ከእኛ በፊት መጥቶ ከእኛ ቀድሞ ሄዷል፤ የእሱን ዘመን ለማስታወስ ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም።

ካርቶኑን ያስወጣኝ የሰብለ ስልክ ነው። ሰብለ የጋሼ ውብሸት ልጅ ናት፤ ደብረ ብርሃን ተድራ ነው የምትኖረው። ጋሼ ውብሸት ደግሞ ድሮ እዚህ ሸዋ ሮቢት፣ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ ካሴት ይቀዱልን የነበሩት ሰው ናቸው። «ሐኪሙ ሙቀቱ ለልባቸው አይሆንም ብሏል። ቅዳሜ እሳቸውንም እማማንም ወደ እኔ ላመጣቸው ነው» አለችኝ። «የእሳቸው ካሴቶች ምን እንደሆኑ ታውቃለህ። ያንተ ግን አሉ ይባላል። በፍላሽ አድርገህ ብትሰጣቸው? ደጋ ላይ ምን ይዘው ይቀመጣሉ?»

አውቃለሁ። መንገዱ ሲሰፋ ሱቃቸው ፈረሰ፤ ዕቃው ወደ ቤት እስኪጋዝ ካሴቶቹ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ደጅ ተከምረው ዋሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ለደብረ ብርሃን ምንም አይደለም። የእኛ ግንቦት ግን ፀሐይ እስክትገባ ድረስ ሁሉንም እንደ ሰም አጣሞ ጨረሳቸው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ውብሸት ቤት ሙዚቃ አልተሰማም ይባላል። ስለዚህ ለሰብለ እሺ ያልኳት ሳላስብ ነው።

ሱቁ ሁለት ሜትር በሦስት የምትሆን የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ከጣሪያው ማራገቢያ ተንጠልጥሏል፤ የሚያራግበው ግን ሰውን ሳይሆን ቴፑን ነበር፤ ጋሼ ውብሸት አቅጣጫውን ወደ ማሽኑ አስተካክለው አስረውታል። «ሰው ላቡን ይጠርጋል፤ እሱ እጅ የለውም» ይሉ ነበር። በግራና በቀኝ ከወለል እስከ ጣሪያ ዋናዎቹ ካሴቶች ተደርድረዋል። ባዶው ካሴት ሰባት ብር፣ ማስቀጃው ሦስት። ደንበኛው ሁሉም ዓይነት ነው፤ ሽርጥ ያገለደመ የቆላ ገበሬ፣ ጋቢውን ክንዱ ላይ ጥሎ ከጣርማ በር የወረደ ደገኛ፣ ሱሪው ጫማውን የሚጠርግለት የከተማ ጎረምሳ፣ የአውቶቡስ ረዳት። ረዳቶቹ ሁልጊዜ ይቸኩላሉ። ሾፌሩ ምሳውን በልቶ እጁን ሲታጠብ ካሴቱ ማለቅ አለበት፤ ካላለቀ ጡሩምባው ይጀመራል።

እኔ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ እግሬ ላይ ሸበጥ፣ እጄ ላይ አጎቴ የሰጠኝ ቁጥር የሚያሳይ ሰዓት። ዝምተኛ ስለነበርኩ የምፈልገውን ካሴት ስም ጮክ ብዬ ከመጥራት በጣቴ መጠቆም ይቀለኝ ነበር። ደግሞም ምን እንደምጠቁም የማውቅበት ዘዴ ነበረኝ። በዋናዎቹ ካሴቶች ጀርባ ላይ ቀይ ነጥብ ነበር፤ በአንዳንዱ አንድ፣ በአንዳንዱ ሁለት፣ በጥቂቶቹ ሦስት፣ በአብዛኛው ምንም። የሆቴል ኮከብ እንደሚባለው ጋሼ ውብሸት ለሙዚቃው የሰጡት ማዕረግ ነው ብዬ ደመደምኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። ባለ ሦስት ነጥብ ካሴት ሳነሳ ፊታቸው ፈካ የሚል ስለመሰለኝ እርግጠኛ ሆንኩ። ከዚያ በኋላ ቋንቋው ይግባኝ አይግባኝ፣ ዘፋኙን ልወቀው አልወቀው፣ ገንዘብ ባገኘሁ ቁጥር ሦስት ነጥብ ያለበትን ብቻ አስቀዳ ጀመር።

የመጀመሪያው የሱዳን ሙዚቃ ነበር። ሽፋኑ ላይ ነጭ ጥምጥም ያደረገ ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኗል። አኮርዲዮኑና ቫዮሊኑ እንደ ሁለት የሚከራከሩ ጎረቤታሞች ይቀባበላሉ፤ እሱ መሀላቸው ገብቶ ይማልዳል። አንድ ቃል አልገባኝም፤ ግን ሽንኩርት ስንኮተኩት ቴፑን ከቦዩ ዳር አስቀምጬ አንድ ክረምት ሙሉ ከእሱ ጋር ዋልኩ። ዛሬም የተቆፈረ እርጥብ አፈር ሲሸተኝ አኮርዲዮን ይሰማኛል።

ሁለተኛው በገና ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጋሼ ውብሸት ሌላውን ሁሉ አቁመው በገና ብቻ ያሰሙ ነበር። የእኔ በገና ደርዳሪ ቀልጠፍ ያለ ነበር፤ አውታሩ እንደ ንብ ይላል፤ ንስሐውም የሚቸኩል ንስሐ ነው። ከዓመታት በኋላ ደብረ ብርሃን አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በገና ሲደረደር ስሰማ ሰውየውን ያመመው መሰለኝ።

መንዙማው የመጣው በክፍል ጓደኛዬ በሰይድ በኩል ነው። የሰይድ ቤተሰቦች አርጎባ ናቸው፤ ከአሊዩ አምባ በታች ካለ መንደር የመጡ። ከመደርደሪያው ሦስት ነጥቡን አይቼ ስጠቁም ሰይድ አብሮኝ ነበርና «አንተ ደግሞ ምን ሊያደርግልህ?» አለኝ። ነጥቡን አሳየሁትና የጋሼ ውብሸት ማዕረግ መሆኑን ነገርኩት። «ወላሂ ትክክል ናቸው» አለ። እቤት ስወስደው እናቴ ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ድቤውንና የሚቀበሉትን ድምፆች ትንሽ አዳመጠችና «የሰው ጸሎት ነው፤ ቀነስ አድርገህ ስማው» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሬጌውን ከሱቁ ጎን ባለው ፀጉር ቤት ነው የወደድኩት፤ ምላጩ አንገቴ ላይ ሆኖ ወፍራሙ ጊታር ወንበሩን ሲያንቀጠቅጠው። የድሮ ኦርኬስትራ ነበረኝ፤ ያለ ዘፋኝ፣ ሳክስፎንና ትራምፔት ብቻ፤ ሙሽራ መኪና ስትገባ የምትሰማውን ዓይነት። አንድ የፈረንጅ ካንትሪም ነበረኝ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጣ ሾፌር ነበር፤ እሱ መጥቶ ከአጥራችን ማዶ ቆሞ ይሰማና እኔን ይጠይቃል፤ «ስለ ምንድነው የሚያለቃቅሰው?»

«ስለ ፈረሱ ይመስለኛል።»

«ፈረሱ ምን ሆነበት?»

«ሸጦት ነው።»

«ታዲያ ያልቅስ እንጂ» ይልና ይሄዳል። ስለ ፈረስ መሆኑን ያወቅኩት ከሽፋኑ ሥዕል ነበር።

በአንድ ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ላይ የእያንዳንዱን ዘፈን ርዝመት በደቂቃና በሴኮንድ እመዘግብ ነበር። ጋሼ ውብሸት ደብተሩን አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ አይተው አገላበጡትና ሳቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ደቂቃው» ሆነ። ከተማው እስካሁን የሚጠራኝ በዚሁ ነው። ከደብተሩ ያገኘሁት አንድ የሚያስደንቅ ነገር ነበር፤ ባለ ሦስት ነጥቦቹ ካሴቶች ሁሉ የመጨረሻው ዘፈን የሚያልቀው ቴፑ «ቀጭ» ብሎ ከመቆሙ ጥቂት ሴኮንድ ቀደም ብሎ ነው። ሱዳኑም፣ በገናውም፣ ፈረንጁም። ትልልቅ ሙዚቀኞች በካሴቱ አንድ ገጽ፣ በሠላሳ ደቂቃ ልክ ሰፍተው የሚዘፍኑ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ የምሠራው የመስኖ ፓምፕ ጥገና ነው። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ፈትቼ እየገጠምኩ ነው የተማርኩት። ስለዚህ አንድ የቆየ ቴፕ አድሼ፣ ጎማውን ቀይሬ፣ ጭንቅላቱን ጠርጌ፣ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ካሴቶቹን ማስተላለፍ አልከበደኝም። የከበደኝ የተከተለው ነው። የሱዳኑን ስጨርስ የሰውየውን ስም ለማወቅ ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩና ያንኑ ዘፈን አገኘሁት። ከፈትኩት። ድምፁ የእሱ ነው፤ ግን የወፈረና የዘገየ። ደብተሬ ስድስት ደቂቃ ከአምስት ሴኮንድ ይላል፤ ኢንተርኔቱ ስድስት ከአርባ። መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ቴፔን፤ ፈትቼ አየሁት፤ ደህና ነው። ካንትሪውን ፈለግኩ፤ ኦርኬስትራውን፤ ሬጌውን። ሁሉም የእኔ ይቀድማል። ማሽኑ በሙቀቱ እየተዋዠቀ ጋሼ ውብሸት ለዓመታት ለከተማው ሁሉ አፍጥነው ሲቀዱ ኖረዋል ማለት ነው። ማራገቢያውን ለማሽኑ የሰጡት ሰውዬ።

ሁለት ቀን ፓምፕ ቤት ሆኜ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። አንደኛ፣ ዕድሜ ልኬን የወደድኩት ምኑን ነው? በእግዜር ምድር ላይ እንደዚያ የዘፈነ ሰው የለም። ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው፤ ጋሼ ውብሸት በሥራቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው፤ ልባቸው ታሟል፤ ቅዳሜ አገራቸውን ለቀው ሊሄዱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለእሳቸው መናገር ምን ይሉታል? ዝም ብዬም የተሳሳተውን መስጠት አልቻልኩም፤ ተፈጥሮዬ አይደለም። በመጨረሻ ሁሉንም በኮምፒውተር አዘገየሁና ልክ አደረግኳቸው። ነገሩን ሳልናገር ትክክለኛውን ብሰጣቸውስ? ላያውቁት ይችላሉ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሄድኩ። ቤታቸው ደጃፍ ባለው የኒም ጥላ ስር ሽርጥ አገልድመው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ዕቃ በማዳበሪያ ትቋጥራለች።

«ፓምፕ አልጠራንም» አለች እትዬ አስካለ።

«ልጠይቃችሁ ነው።»

«ደቂቃው ነው?» አሉ ጋሼ ውብሸት። «ዓይኔም እየደከመ ነው፤ ና ተቀመጥ። ሰብለ ነግራኛለች። አምጣ፣ አሰማኝ።»

ትንሿን ስፒከር አስቀምጬ ፍላሹን ሰካሁ። የሱዳኑን ከፈትኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ልክ እንደ ሽፋኑ ሰውዬ። አኮርዲዮኑ ገባ፤ ቫዮሊኑ መለሰ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምት መያዝ ጀመረ፤ ቀደመ፤ ጠበቀ፤ እንደገና ቀደመ። ከዚያ ቆመ።

«ይኼ ሰውዬ ምን ሆነ?» አሉ።

ድምፁን ቀነስኩት።

«ደክሞታል። ምን አደረግኸው?»

ከዚህ በኋላ መሸሸግ አልተቻለኝም። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኢንተርኔቱን፣ ሠላሳ አምስት ሴኮንዱን፣ ማሽኑ በሙቀት ሳይሮጥ እንዳልቀረ። «የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ሙቀቱ ነው» አልኩ መጨረሻ ላይ። ቀና ስል እትዬ አስካለ ማዳበሪያውን ጥላ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

«ጥፋቱንስ የእሱ በለው» አለች። «እኔ ጥፍሬን ሳልቀባ ያረጀሁት በማን ነው? አንድ ጠርሙስ የጥፍር ቀለም ከደሴ ቢያመጡልኝ ለቴፑ ጨረሰው።»

«ለቴፑ?»

«ነጥብ ነዋ። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ።»

ጋሼ ውብሸት እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟት። «ስማኝ ደቂቃው። ያኔ ሰው የሚገዛው ባለ ስድሳ ደቂቃ ነው። ባለ ዘጠናው ክሩ ስስ ነው፤ እዚህ ሙቀት ውስጥ በሳምንቱ ቴፑ ያኝከዋል። ታዲያ ሥራው ከስድሳ ሲበልጥስ? ሌላው ከተማ ያሉት የመጨረሻዋን ዘፈን መሀል ላይ ይቆርጣሉ። ገበሬው ሦስት ሰዓት በእግሩ መጥቶ፣ ከፍሎ፣ ቤቱ ገብቶ ሲሰማ ቋ ብሎ ይቆማል። ይኼ ሥራ ነው? ከሞተሩ ጀርባ ፍጥነቱን የምትይዝ ትንሽ ብሎን አለች። እሷን በጠባብ ጠመንጃ መፍቻ ትንሽ ስታዞራት የሚያጫውተው ቴፕ ብቻ ይፈጥናል፤ ሥራው ስድሳ ውስጥ ይገባል። የቱ ድረስ እንደማዞራት ዙሪያውን ሦስት ነጥብ አደረግኩበት። ሥራው በሁለት ደቂቃ ቢበልጥ አንድ፣ በአራት ሁለት፣ በስድስት ሦስት። እንዳልረሳ ካሴቱም ላይ ያንኑ አደርጋለሁ።»

በሠላሳ ደቂቃ ልክ ሰፍተው የሚዘፍኑት ሙዚቀኞች ትዝ አሉኝና ፊቴ ጋለ። «እኔ ደግሞ ነጥቡ ማዕረግ ነው ብዬ ነበር» አልኩ። «ሦስት ያለበት ምርጥ ነው ብዬ። ያስቀዳሁት ሁሉ በእሱ ነው። መንዙማውንም፣ ፈረንጁንም።»

እትዬ አስካለ እንደገና በሳቅ ፈረሰች። ጋሼ ውብሸት ግን አልሳቁም። «ስድስት ደቂቃ ሲበልጥ እኮ ማፍጠን ከባድ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ድምፁ እንዳይበላሽ አንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ትሞክራለህ። ለማልወደውማ ያን ሁሉ አልለፋም። የማልወደውን እንደ ሌሎቹ እቆርጠዋለሁ።»

እሳቸው ይህን እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገሩት። ለእኔ ግን ሁለት ቀን ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ያኔ ተነሳ።

«ያንኛውንም አለህ? የሮጠውን?» አሉኝ።

«አለኝ።»

«እሱን አድርግልኝ። እኔ የማውቃቸው ሲሮጡ ነው። ይኼን ደግሞ ለሌላ ቀን ተውልኝ፤ ሲደክመኝ እሰማዋለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እትዬ አስካለ ማዳበሪያውን ይዛ ገብታለች። «ከቆረጥኳቸው ውስጥ አንድ ያለ ቦታው የተቆረጠ አለ። የአንዲት ልጅ ካሴት ነው፤ የመጀመሪያዋ፤ ሽፋኑ ላይ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች። ስሟን ከዚያ በኋላ አልሰማሁትም። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሆኖ ሱቁ ጢም ብሏል፤ አንድ ረዳት ‹ቶሎ፣ ቶሎ› ይለኛል፤ ሾፌሩ ጡሩምባውን አልለቅ አለ። ጨርሼ ሳልሰማት፣ ሳልለካት፣ ነጥብ ሳላደርግባት ቀዳሁ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ ከዚያው ቅጂ ሰጠሁት፤ ዋናውን ረዳቱ ለሾፌሩ ብሎ ወስዶት ቀረ። የመጨረሻዋ ዘፈን ገና ስትጀምር ትቆማለች። እዚህ አገር ያቺን ዘፈን የሰማ ሰው የለም፤ እኔም አልሰማኋትም። ልጅቷ ግን ዘፍናታለች አይደል?»

የልጅቷን ስም ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም። ያ ካሴት እኛም ቤት አለ፤ ነጥብ ስላልነበረበት የእኔ ሳይሆን የእህቴ ነው። ሐሙስና ዓርብ ስልኬን ይዤ ፈለግኩ። በስሟ አልተገኘችም። በመጀመሪያው ዘፈን ግጥም ስፈልግ አንድ ሰው ሙሉውን ካሴት ያለ ሽፋን ጭኖት አገኘሁ፤ ሰላሳ ሰው እንኳ አልከፈተውም። ወደ መጨረሻው ወሰድኩት። የመጨረሻዋ ዘፈን ስትጀምር አቆምኩት። ከእሳቸው በፊት መስማት ትክክል አልመሰለኝም።

ቅዳሜ መንገዱም ሰላም ነበር፤ አውቶቡሱ በሰዓቱ መጣ። ድሮ ሱቁ የነበረበት ቦታ ዛሬ የባጃጅ መቆሚያ ነው። ጋሼ ውብሸት ለደጋው ብለው ካፖርት ደርበው ላብ በላብ ሆነዋል፤ እትዬ አስካለ ገብታ መስኮት ይዛለች። ፍላሹን ሰጠኋቸው፤ የሮጡትም የተስተካከሉትም አሉበት። ከዚያ ስልኬን ጆሯቸው ላይ አደረግኩና አስጀመርኩ። ስሟን አልነገርኳቸውም፤ አላስፈለገም። ከመግቢያው አወቁት፤ እጄን ከነስልኩ ያዙት።

እኔ የምሰማው ትንሽ ትንሽ ነበር፤ ክራርና ቀጭን ድምፅ፣ በባጃጆቹ መሀል። ድሮ ካሴቱ ከሚቆምበት ቦታ ሲያልፍ ዓይናቸው ሰፋ። ረዳቱ በሩ ላይ ሆኖ «አባት፣ እንሂድ» አለ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ።

«ይጠብቅ» አሉ።

«ይጠብቅ ብለዋል» አልኩት ረዳቱን፤ እኔ እንደዚያ ጮክ ብዬ የምናገር ሰው አይደለሁም።

ሾፌሩ እንደገና ነፋ። ጋሼ ውብሸት እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ካለቀም በኋላ ስልኩ ላይ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ መለሱልኝ።

«ስንት ትረዝማለች?»

ሰዓቴን አይቼ ነበር። «ካሴቱ ከሚቆምበት በኋላ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሴኮንድ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደረጃውን ይዘው አንድ እግራቸውን ካወጡ በኋላ ዞር ብለው አዩኝ።

«አንድ ነጥብ ይበቃት ነበር» አሉ።